ያልጠፋው የዶዘር ዱካ

ትናንት ማታ አንድ የሰሜን አላስካ ፎቶ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ቦታው ፊሽ ክሪክ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1949 ነዳጅ ፍለጋ ቆፍሮ ሄደ። ከ28 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሲመጡ የፈሰሰው ናፍጣ አሁንም አፈሩ ውስጥ ነበር።

አንጀቴን የበላው ግን ዶዘሮቹ ትተውት የሄዱት ዱካ ነው። እዚያ አገር ሣሩ ከሥሩ አፈር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆየው በረዶ ጋቢ ማለት ነው፤ ከበጋ ፀሐይ ይከልለዋል። ዶዘር ጋቢውን ሲገፈው በረዶው ይቀልጣል፣ መሬቱ ይሰረጉዳል፣ ውሃ ይቋጥራል። የተቋጠረው ውሃ ደግሞ ሙቀት እየሳበ ሌላ በረዶ ያቀልጣል። ዱካው ቦይ ሆኖ ይቀራል።

ቦዩ ብዙ ጊዜ ከዙሪያው ይበልጥ አረንጓዴ ነው። ይህን አይቶ «አገግሟል» የሚል ሰው ያናድደኛል። የበቀለው እርጥበት የሚወድ ሌላ ሣር ነው፤ የሰመጠው መሬት አልተነሳም።