ቀይ ሽንኩርትና ጨው ውሃ

ባዮሎጂ ሳስተምር በጣም የምወደው ቀን ማይክሮስኮፑ ከመደርደሪያው የሚወርድበት ቀን ነው። ዛሬ ደረሰ።

ተማሪዎቼ ደብተር ላይ ያለው የእፅዋትንና የእንስሳትን ሴል የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ ነው። የእፅዋት ሴል ግድግዳ አለው፣ የእንስሳት የለውም። የእፅዋት ክሎሮፕላስት (በብርሃን ስኳር የሚሠራው አረንጓዴ ክፍል) አለው፣ የእንስሳት የለውም። ልጆቹ ይሸመድዱታል፣ ለፈተና ይመልሱታል። ግን ግድግዳው ምን እንደሚሠራ በዓይናቸው ሳያዩ «አለው» ቢሉ ምን ይረባል?

ከቀይ ሽንኩርት ላይ ስሷን ሐምራዊ ልጣጭ አንስተን መስታወት ላይ አነጠፍናት። ረዘም ረዘም ያሉ ሴሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ሁሉም በቀለም ጢም ብለዋል። ቀለሙ ያለው ቫኪዩል በሚባለው የሴሉ የፈሳሽ ከረጢት ውስጥ ነው፤ ሴሉን ከሞላ ጎደል የያዘው እሱ ነው። ከመሸፈኛው ጠርዝ ጨው ውሃ ጠብ አደረግንበት። ጥቂት ቆይቶ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እየሸሸ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ጨው ውሃውን ከሴሉ ስቦ ሲያወጣው ሐምራዊው ነገር ከዳር ዳር እየለቀቀ መሃል ላይ ተሰበሰበ፣ ደመቀም። ግድግዳው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰላጣ ላይ ቀድመን ጨው ስንነሰንስበት ውሃ የሚያቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የእኛ ሴል እንዲህ ያለ መከታ የለውም። ቀይ የደም ሴል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ ያብጥና ይፈነዳል። ለዚህ ነው ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ፈሳሽ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው ተደርጎ የሚዘጋጀው። የሽንኩርት ሴል ግን ውሃ ቢጠጣ ግድግዳው ይዞታል፤ ይወጠራል እንጂ አይፈነዳም። ለስላሳ ተክል ያለ አጥንት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ውጥረት ነው። ዋጋውም አለ፤ በግድግዳ የታጠረ ሴል ከጎረቤቱ ተላቅቆ የትም አይሄድም። ነጭ የደም ሴላችን ባክቴሪያ እያሳደደ የሚሳበው ግድግዳ ስለሌለው ነው። ለእኔ ከሰንጠረዡ ሁሉ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ተመሳሳይነቱ ዛሬ ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። ኒውክለስ (የሴሉ ማዘዣ)፣ ሳይቶፕላዝም (ውስጡን የሞላው ዝልግልግ ነገር)፣ ሜምብሬን (ስስ ሽፋኑ)፣ ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው)፣ ሁለቱም ጋ አለ። ሽላይደን የተባለ ጀርመናዊ የእፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1838 እፅዋት ከሴል የተሠሩ ናቸው አለ፤ የአገሩ ልጅ ሳይንቲስቱ ሽቫን ደግሞ በዓመቱ እንስሳትም እንደዚያው ናቸው አለ።

ልንወጣ ስንል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ሽንኩርቱ ተክል ከሆነ አረንጓዴው ክሎሮፕላስት የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! የምናየው አፈር ውስጥ የነበረውን ክፍል ነው፤ ብርሃን አያገኝም፣ ክሎሮፕላስትም የለውም። ስኳሩን የሠሩለት ከላይ ያሉት አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው። እሱ ያንን ስኳር በሚቶኮንድሪያው ወደ ጉልበት እየለወጠ ይኖራል፤ ልክ የእኛ ሴሎች እንደሚያደርጉት። ብዙ ተማሪ ሚቶኮንድሪያ የእንስሳት ብቻ ይመስለዋል። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ አረንጓዴ ቅጠል ይዘው እንዲመጡም ነግሬያቸዋለሁ።