ሴራሚኩ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 10

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግንባሬ ላይ ውሃ ጠብ ብሎ ቀሰቀሰኝ። ጣሪያው አፈሰሰ ብዬ ነበር፤ ዝናብ ካየን ግን ከወር በላይ ሆኖናል። ለካ የራሴ ትንፋሽ ነው። ሌሊቱን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ላይ ረግቶ ያድርና ፀሐይ ስትነካው መልሶ እኔው ላይ ይወርዳል። አከራዬ እማማ "ቆርቆሮው አለቀሰ" ይሉታል። እንግዲህ ሦስት ወር ስሸሸው የከረምኩትን ዛሬ ልጻፈው፦ ቤት መምረጥ አላውቅም።

ከቀበና የወጣሁት ነሐሴ ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበት ግቢ በመንገዱ በኩል ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰና የተረፈችውን ክፍል ባለቤቶቹ ለራሳቸው ፈለጓት። አልፈርድባቸውም። ከዚያ በኋላ የደላላ ወሬ ስሰማ፣ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። ወጥ ቤት እንኳ ለሌላት አንዲት ክፍል 14 ሺህ ብር፣ ያውም የስድስት ወር ቅድሚያ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ውልም ከሁለት ዓመት አይነስ እንደሚል ለአንዱ ደላላ ብነግረው "እህቴ፣ እንግዲያውስ አዋጁ ውስጥ ገብተሽ ኑሪ" አለኝ። ተናድጄም ሳቅኩ።

የሱሉልታው ደላላ ምላሱ ማር ነው። ሁለት ክፍል፣ ብሎኬት፣ ትልልቅ መስኮት፣ የራሱ መጸዳጃ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ 6 ሺህ 500። "ፀጥታው ብቻ የሚያስከፍል ነበር" አለኝ። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ፣ በባሕር ዛፉ መሃል እንጦጦን አቋርጬ ስወርድ ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበር። እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው ወደ ፍል ውሃው በወረዱ ጊዜ ነው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው፣ በ1879። እኔ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ዕቃዬን ጭኜ እሳቸው የሸሹትን ብርድ ፍለጋ ሽቅብ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ፊት ለፊት የኔው ብሎኬት፣ ከጓሮ ደግሞ ዕድሜው የማይታወቅ፣ ግድግዳው በእበትና በጭቃ የተለሰነ የእማማ ቤት። የመጀመሪያ ቀን አዘንኩላቸው፤ እውነቱን ነው የምጽፈው። ምስኪን፣ ጥሩውን ቤት ለገንዘብ ብለው ለኔ ለቀው እሳቸው ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ ብዬ።

ክረምቱ በእርጥበቱ አለፈ። ልብስ በአራት ቀን አይደርቅም፤ ጫማዬ ሻጋታ አበቀለ። ይሄን ሁሉ "መስከረም ሲጠባ ያልፋል" እያልኩ ቻልኩት። ብርዱ ግን የሚጀምረው ለካ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደመናው ሲገፈፍ ምድር ቀን ያከማቸችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ልብስ አይኖርም። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ናት፤ በዚያ ላይ በተራራ የታጠረ ሜዳ ስለሆነች፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ከእንጦጦ እየተንሸራተተ ወርዶ እኛ ላይ ይተኛል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ በር ስከፍት ሣሩ ነጭ ነበር። አመድ የተበተነበት መሰለኝ። በእግሬ ስረግጠው ተንኮሻኮሸ።

ያን ጊዜ ሴራሚኩን ጠላሁት። በካልሲም፣ በነጠላ ጫማም ላይ ሆኜ ሙቀቴን ከእግሬ ሥር ይመጠዋል። ብሎኬቱ መሃሉ ባዶ ነው፤ ቀን የሞቀውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይረሳዋል። ትልልቆቹ መስኮቶችማ ሌሊት ሲነኳቸው በረዶ ናቸው። ደላላው እየቆጠረ ያደነቀልኝ ነገር ሁሉ፣ እኔም በከተማ ዓይኔ እያየሁ የተደሰትኩበት ሁሉ፣ አንድ በአንድ ብርድ ሆኖ መጣ።

ሊጤ አልቦካ አለ። ቀበና በሦስተኛው ቀን ይጋገር የነበረ፣ እዚህ በአምስተኛው ቀን እንኳ ዓይን አላወጣም፤ ብጋግረው ድፍን ያለ ቂጣ ሆነ። ባቄላም አልበስል ይለኛል። ይሄኛው እንኳ የኔ ጥፋት አይደለም፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላልና መንተክተኩን አይቶ በሰለ ማለት ሞኝነት ነው። ሊጡን እማማ ወሰዱልኝ። ቡሃቃውን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ምድጃቸው አጠገብ አሳደሩት። በነጋታው ተነፍቶ ክዳኑን ገፍቶ አገኘሁት። እኔ ያላገኘሁትን እንቅልፍ ሊጤ አገኘ።

ስለ ከሰሉ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ይጻፍ። አንድ ሌሊት ከሰል አቀጣጠልኩና ጭሱ ሲጠፋ ጠብቄ አስገባሁት። በሩን ዘጋሁ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፍኩ። በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዕንቅልፌ የነቃሁት ራሴ ሊፈነዳ ሲል ነው፤ ጉልበቴ አይታዘዝም። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። ውጭ ወድቄ ሳስመልስ እማማ ፋኖስ ይዘው መጡ።

"አንቺ ልጅ! ተምረሻል አይደል እንዴ?" አሉኝ። ተምሬማለሁ። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ እንደማይጠፋ፣ ሽታም ቀለምም እንደሌለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚባል ጭምር አውቃለሁ። እውቀቱ ግን ብርድ ሲበዛ የት እንደሚሄድ እንጃ። ዕቃዎቹን እንዳሉ ትተው እጄን ይዘው ወደ ጭቃ ቤታቸው ወሰዱኝ። በራቸውን ገርበብ አድርገው መደባቸው ላይ አስተኙኝ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ ግድግዳው ግን በመዳፌ ስነካው ለብ ያለ ነበር። እውነተኛ እንቅልፍ የተኛሁት ያን ሌሊት ነው።

ጠዋት "አካም ቡልቴ?" አሉኝ። "ነጋ" አልኩ፤ እስካሁን በደንብ የምመልሳት ኦሮምኛ እሷው ናት። የት ሰፈር ነበርሽ ሲሉኝ ቀበና አልኳቸው። ሳቁ። "ቀበና እኮ በኛ ቅዝቃዜ ማለት ነው። ከብርድ ወጥተሽ ብርድ ገባሽ በለኛ!" አሥራ አንድ ዓመት በስሙ አድራሻ ሞልቼ ትርጉሙን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። የዚያን ቀን ማታ በቅል ሾርባ ላኩልኝ፣ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ቅልጥም። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ተረት ከዚያ በፊት ለኔ ተረት ብቻ ነበር።

ጥሩውንም ልጻፍ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሯጮቹ በበሬ ያልፋሉ። ቀነኒሳ ያሠራው የመሮጫ ትራክ እዚሁ ነው፤ ልጆቹ ግን በሜዳውም በየመንገዱም ናቸው። ከአፋቸው እንፋሎት እየወጣ፣ ኮቴያቸው ብቻ እየተሰማ ሲያልፉ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ በነሱ እሞቃለሁ። ፀጥታውም ደላላው እንዳለው ነው፣ ጅቡንና የጎጃም መንገድ ከባድ መኪናዎችን ካልቆጠርን። ውሃ ግን አያድርስ። የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ላይ ቧንቧው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እኔም የሱሉልታን ውሃ ከሱቅ በፕላስቲክ ገዝቼ እጠጣለሁ። ሂሳቡንም ሠርቼዋለሁ። ከኪራዩ ያተረፍኩት በታክሲ፣ በከሰልና በሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ አልቋል። ከጥር በኋላ ምናልባት።

ባለፈው እሑድ እማማን በቀጥታ ጠየቅኳቸው። ከጓሮ ያለችውን ትንሿን ጭቃ ክፍል ያከራዩኝ፣ ዋጋውም ያው ይሁን አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ብሎኬቱን ያሠራችው ልጃቸው ናት፤ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሰባት ዓመት ሠርታ። ሴራሚኩን በስልክ ፎቶ እያየች ቀለሙን የመረጠችው እሷ ናት። እናቴ ከጭቃ ትውጣ ብላ። እማማ አንድ ሌሊት አደሩበትና በነጋታው መደባቸው ላይ ተመለሱ። እንዳከራዩት ልጅቷ አታውቅም።

"እሑድ እሑድ ትደውላለች" አሉኝ። "ፊቴን ማየት ትፈልጋለች። እስከ ዛሬ ሥራ አለብኝ፣ ኔትዎርክ የለም እያልኩ ነው።"

ስለዚህ ዛሬ፣ እሑድ ከሰዓት፣ እማማ አዲስ ነጠላ ለብሰው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ወደ ቤቴ ገቡ። ልብሶቼን ከወንበሩ አነሳሁ፣ ፎቶዬን ከግድግዳው አወረድኩ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ወለሉም መስኮቱም እንዲታይ አድርጌ አቆምኩላቸው። ሲጠራ ወጣሁ።

ይህን የምጽፈው ከጓሮ፣ ጭቃ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሳቃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ቡናው ሊፈላ ነው፤ እስኪጨርሱ ጀበናውን ጠብቂልኝ ብለውኛል።