አንድ ዓመት ከመንፈቅ ከኢራን ሸክላዎች ጋር

ክራር አብራችሁኝ የምትማሩ ጓደኞቼ፣ ለምን ወደ ፋርስ ዘፈን እንዳዘነበልኩ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ እስካሁን የተጓዝኩበትን ከነስሕተቴ ልጽፍላችሁ ወሰንኩ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ነው። ከእኛው ሠፈር ከፌርፋክስ ወደ ዌስትውድ ጎዳና በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ከ1979ኙ አብዮት ወዲህ ኢራናውያን በብዛት ስለሰፈሩበት አካባቢውን ቴህራንጀለስ የሚሉት አሉ። እዚያ ሩዝና የደረቀ ሎሚ ከምገዛበት ሱቅ አንድ ቀን የሰማሁት ዘፈን ከደጃፉ አላንቀሳቅስ አለኝ። ጊታሩ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከሥሩ ኪቦርድ አለ፣ ከላይ ደግሞ ሐዘኑን የማያጋንን የወንድ ድምፅ። ባለሱቁን አዛውንት ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ኩሮሽ ያግማኢ፣ ጎሌ ያኽ» አሉኝና ጎል አበባ፣ ያኽ በረዶ ማለት እንደሆነ፣ አበባውም ሌላው ሁሉ በብርድ ሲረግፍ የሚፈካ መሆኑን አስረዱኝ።

ያግማኢ በ1946 ሻህሩድ በምትባል ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ ጊታር ከማንሳቱ በፊት በልጅነቱ የተማረው ሳንቱር ነበር። ሳንቱር በሁለት ቀጫጭን የእንጨት መዶሻዎች የሚመታ ባለብዙ ክር መሣሪያ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ በጊታሩ ውስጥ የመዶሻዎቹን አመታት መስማት ጀመርኩ፤ ወይም የሰማሁ መሰለኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የስብስብ አልበሞችን በመግዛት አሳለፍኩ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሸክላ አሳዳጆች፣ በተለይ ካለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ፣ ከአብዮቱ በፊት የወጡትን ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች እየለቀሙ አሳትመዋል። በእነዚህ ውስጥ ጊታሩ ይጮኻል፣ ባሱ ያስጨፍራል፣ ዚያ አታባይ የተባለ ዘፋኝ የሠራውን «ኸለልዮስ» የሰማ ሰው ወንበር ላይ መቀመጥ ይቸግረዋል። እኔም የዚያን ዘመን የኢራን ሙዚቃ ማለት ፈንክና ሳይኬደሊክ ሮክ ነው ብዬ ደመደምኩ። የዘፈኖቹን ዝርዝር በኩራት ለአዛውንቱ ባሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ቁልቁል አነበቡና ከዐሥራ ሰባቱ አምስቱን ብቻ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። እርሳቸው በወጣትነታቸው ያለቀሱት በፋርሃድ፣ በሰርግ የጨፈሩት በጉጉሽ፣ የመጀመሪያዋን ጊታር ያዩት በቪገን እጅ ነበር። የውጭ አገር ወዳጆቼ ስለ ሙላቱ አስታጥቄ ሲጠይቁኝ የእናቴ ቤት ካሴት ግን የጥላሁን ገሠሠ መሆኑን አስታወስኩና ዝም አልኩ። ሰብሳቢው ለራሱ ጆሮ የጣመውን ነው የሚመርጠው፤ ምርጫው መጥፎ ነው አልልም፣ ነገር ግን የአንድ አገር ሙዚቃ ካርታ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ከፋርሃድ መሀራድ እንደገና ጀመርኩ። ፋርሃድ በ1960ዎቹ ኩቺኒ በሚባል የቴህራን ክለብ ከብላክ ካትስ ባንድ ጋር የእንግሊዝኛ ዘፈኖችን ይዘፍን ነበር። በ1971 የወጣው «ጆምዔ» ማለትም «ዓርብ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዜማው የኤስፋንዲያር ሞንፋረድዛዴ፣ ግጥሙ የሻህያር ጋንባሪ ሲሆን፣ ለፊልም የተሠራ ቢሆንም አድማጩ በዚያው ዓመት በሰሜን ኢራን፣ በሲያህካል፣ በጀንደርማ (የገጠር ፖሊስ) ጣቢያ ላይ ጥቃት ካደረሱት የሽምቅ ተዋጊዎች ጋር አያይዞ ሰማው። የዕረፍት ቀን የሆነው ዓርብ የሐዘን ቀን ሆኖ ሲዘፈን ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ቋንቋውን አጥርቶ ማወቅ አላስፈለገኝም።

«የተረሳ ሙዚቃ» የሚለውን አነጋገርም መጠራጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። በ1979 ክረምት የአብዮቱ መሪ አያቶላ ኾሜኒ ሙዚቃን ከኦፒየም ጋር አመሳስለው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አሳሰቡ፤ ሴት ልጅ በወንዶች ፊት ብቻዋን መዝፈን ተከለከለች፤ ጉጉሽ ከአገሯ ሳትወጣ 21 ዓመት ዝም ብላ ቆይታ በ2000 ቶሮንቶ ላይ እንደገና መድረክ ወጣች። ያግማኢም አልተሰደደም፤ ለ17 ዓመታት ሥራውን በይፋ እንዳያቀርብ ተከልክሎ ቆየ። ሰዎቹ ግን አልረሱም። አዛውንቱ ያዋሱኝ ካሴት ላይ በፋርስኛ «የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ክፍል ሦስት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ውስጡ ጎሌ ያኽና ሌሎች ዐሥር ዘፈኖች ናቸው።

ያ ካሴት ለሁለት ወር አሳስቶኛል። የፋርስ ሙዚቃ ከግማሽ ድምፅ ያነሰ ርቀት እንዳለው፣ ዝቅ ማለቱን ኮሮን፣ ከፍ ማለቱን ሶሪ እንደሚሉት አንብቤ ስለነበር፣ ክራሬን በመቃኛ መሣሪያ አስተካክዬ ከካሴቱ ጋር ሳጫውት አንዱም ክር አልገጥም ሲለኝ «ይኸው ሩብ ድምፅ!» ብዬ በደብተሬ ላይ በደስታ ጻፍኩ። ለካስ ያሮጌው የቴፕ ማጫወቻዬ ቀበቶ ላልቶ ኖሯል። ማጫወቻው 3 በመቶ ያህል ከዘገየ ዘፈኑ በሙሉ ሩብ ድምፅ ገደማ ይወርዳል፤ ጎሌ ያኽን በዲጂታል ቅጂው ስሰማው ጊታሩም ኪቦርዱም እንደማንኛውም የምዕራብ መሣሪያ የተቃኙ ሆኖ አገኘኋቸው። ሊገርመኝም አይገባም ነበር፤ ፍሬቱ (አንገቱን ድምፅ በድምፅ የሚከፍለው የብረት መስመር) የማይንቀሳቀስ ጊታር ኮሮንን ከየት ያመጣዋል? ፋርስነቱ ያለው በዜማው አካሄድና በድምፁ አረጋገጥ ላይ ነው። ሁለት ወር የሞላሁትን ደብተር ቀደድኩት።

በምቱ በኩል ግን ቤተኛ ነበርኩ። ሸሽ ኦ ሀሽት ይሉታል፣ ስድስት ስምንተኛ ማለት ነው፤ እኛ በችክችካ ያደግንበት ቁጥር። በመጀመሪያ በራሴ ጭብጨባ ላጅበው ሞከርኩ፣ ገጠመልኝም፤ ነገር ግን የዜማው ሐረግ እኔ ትከሻዬን ለማንሳት ስዘጋጅ ቀድሞ ያርፋል። ቶምባክ የሚባለውን የዋንጫ ቅርጽ ያለው ከበሮ የሚጫወቱ ሰዎችን ጣት እያየሁ ነው የገባኝ። ጣቶቻቸው ሪዝ በሚሉት ዘዴ በቆዳው ላይ እንደ ዝናብ ይንጠባጠባሉ፣ የእጃቸው ክብደት የሚያርፈው ግን እኔ ከምጠብቀው ሌላ ቦታ ነው። አሁን በጉልበቴ ላይ ያለ ስሕተት አንድ ሙሉ ዘፈን መምታት እችላለሁ፤ ክራር ስይዝ ግን ቀኝ እጄ ሳላውቀው ወደ ችክችካ ይመለስብኛል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ወደ ደቡብ የወሰደኝ መንገድ ነው። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በቡሼህርና በሆርሞዝጋን፣ በባሪያ ንግድ ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ይኖራሉ። የአካባቢው ሙዚቃ በዳማም ከበሮና ነይ አንባን በሚባል ከቆዳ በተሠራ ባለ ከረጢት ዋሽንት የሚደምቅ ሲሆን፣ ባንዳሪ የሚባለው ምቱ የቴህራን ዘፋኞችን ሥራ ሳይቀር ነክቶታል። ናስር ታግቫይ በ1969 የሠራውን «ባዴ ጅን» የተባለ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሳይ፣ በባንዳር ሌንጌ ሰዎች ተሰብስበው በከበሮ የሚያስለቅቁት መንፈስ ስሙ ዛር ነው። መሪው ባባ ዛር፣ ሴት ከሆነች ማማ ዛር ትባላለች። ቃሉ ከአፍሪካ ቀንድ እንደተሻገረ የሚያምኑ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው። የአያቴ ጎረቤቶች ቡና ሲያፈሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩትን ነገር በፋርስኛ መስማቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ የማዳምጠው በአብዛኛው የገጠር ዘፈን ነው፤ በተለይ በኾራሳን የተወለደችውንና የየአካባቢውን ዜማ፣ በኋላም እሹሩሩውን ሳይቀር የሰበሰበችውን ሲማ ቢናን። እውነተኛውን ኮሮን ያገኘሁትም በዚህ በኩል ነው። ከሰባቱ የፋርስ ቅኝቶች፣ ዳስትጋህ ከሚሏቸው፣ ብዙ የገጠር ዜማ የሚመጣው ከሹርና ከቅርንጫፉ ከዳሽቲ ነው፤ የእኛ ክራር ክሮቹ ክፍት ስለሆኑ ደግሞ ጊታር የማይችለውን ይችላል። ሶልን መነሻ አድርጌ ላን ሩብ ድምፅ ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ሲ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ)፣ ዶ፣ ሬ አስከትላለሁ። ጆሮዬ ለትዝታና ለባቲ የተሠራ ስለሆነ መጀመሪያ የተበላሸ ክር መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ላ ወደ ቦታው ቢመለስ ዜማው የሚሞት ሆኖ ተሰማኝ።

አራት የኾራሳን ዜማዎች ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ክራሩን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ ቡና ላመጣ ብነሣ የላውን ክር ማንም እንዳያስተካክልብኝ።