ለጠባቧ ሱቄ የብረት መቅረጫ ሌዘር ስመርጥ

ሌዘር መቅረጫ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቁጥር ዋት ነው። 20፣ 30፣ 50፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሻጩም ድምፅ አብሮ ከፍ ይላል። እኔ ፍለጋዬን የጀመርኩት ከራሴ መደርደሪያ ነው። አዲስ አበባ ባለችው ሱቄ በብዛት ምን እንደሚመጣ ጻፍኩ፦ የብር ቀለበትና መስቀል፣ የናስ ቁልፍ መያዣ፣ የስቴንለስ ፔርሙዝ፣ ባለቀለም የአልሙኒየም እስክሪብቶ፣ የድርጅቶች የንብረት መለያ ሰሌዳ። እንጨትና ቆዳ የሉበትም። ይህ ዝርዝር ብቻውን የገበያውን ግማሽ ከፊቴ አነሳልኝ።

በየማስታወቂያ ቤቱ የሚታየው ትልቁ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ለእንጨትና ለአክሪሊክ ወደር የለውም። የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ ግን ያልተቀባ ብረት አብዛኛውን ጨረር መልሶ ያንጸባርቀዋል። ብረቱ ላይ ኬሚካል እየረጩ ማጥቆር ይቻላል፤ ይህ ደግሞ ሌላ የማያልቅ ወጪ ነው። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ርካሽ ሰማያዊ ዳዮድ ሌዘር የፔርሙዝ ቀለም ትልጣለች፣ ስቴንለስንም ቀስ ብላ ታጠቁራለች፤ ብርና ናስ ፊት ስትቆም ግን አቅሟ ያልቃል። የቀረው ብረት በተሻለ በሚቀበለው አጭር ሞገድ፣ በ1064 ናኖሜትር (1.064 ማይክሮሜትር) የሚሠራው ፋይበር ሌዘር ነበር። ለእኔ ሥራ የሚበቃው መጠን በአየር ስለሚቀዘቅዝ የውሃ ጣጣ የለበትም።

ፋይበር መሆኑ ከታወቀ በኋላም ምርጫው አላበቃም። የማሳያ ናሙና ሁልጊዜ ያምራል፤ ሻጩ የሚያውቀውን ብረት በሚያውቀው ልክ ቀርጾ ያስቀመጠው ነውና። ስለዚህ የራሴን ቁርጥራጮች ይዤ እየዞርኩ፣ ሁሉም «ሌሊሴ» የሚለውን ስም በ2 ሚሊ ሜትር ቁመት ብር ላይ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኩ። ስሙን በዘፈቀደ አልመረጥኩትም። ሌ እና ሊን የሚለያቸው እግር ሥር ያለው ምልክት ብቻ ነው፤ አንዷ ክብ ቀለበት፣ ሌላዋ ቀጥ ያለች ጭረት። በላቲን ፊደል ስም የሚቀርጽ ባለሙያ ይህ ጭንቀት የለበትም።

ባለ 50 ዋቱ ማሽን የጻፈውን በማጉያ መነጽር ሳየው የቀለበቶቹ መሐል ተደፍኗል። ሊሊሲ ሆና ቁጭ ብላለች። ባለ 30 ዋቱ የጻፈው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ምስጢሩ ዋቱ ሳይሆን ሌንሱ ነው። የመጀመሪያው ላይ የተገጠመው 300 በ300 ሚሊ ሜትር የሚሸፍን ሌንስ ሲሆን ሁለተኛው 110 በ110 ብቻ ይሸፍናል። ሌንሱ የሚሸፍነው ስፋት ሲጨምር የጨረሩ ነጥብም ይወፍራል፣ ኃይሉም ይበተናል። «ሰፊ ሜዳ ይሻላል» የሚለው ምክር ለትልልቅ ሰሌዳ ሠሪ ይሆናል፤ ለቀለበት አይሆንም። 110ሩን ይዤ፣ ለሰሌዳ የሚሆን 200 ሌንስ በተጨማሪ ወሰድኩ። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ከፍታውንና የልኬት ማስተካከያውን እንደገና መሥራት ስላለብኝ የሰሌዳ ሥራዎችን አጠራቅሜ በአንድ ላይ እጨርሳለሁ።

ተራ ፋይበር ወይስ ሞፓ? ሞፓ የጨረሩን የእያንዳንዱን ምት ርዝመት እንደ ፈለጉ የሚያሳጥሩበትና የሚያስረዝሙበት ዓይነት ነው። ሻጮች ስቴንለስ ላይ በሚያወጣው ቀስተ ደመና ያማልላሉ፤ እውነትም ያምራል፤ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ የብረቱ ዓይነት ትንሽ ሲለወጥም ቀለሙ ይለወጣል። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነው። ተራው ፋይበር አኖዳይዝድ አልሙኒየም (በኤሌክትሪክ ጠንካራ ሽፋን የተሠራለት) ላይ ነጣ ያለ ጽሑፍ ሲያወጣ ሞፓ ጥቁር ያወጣል። የንብረት መለያ የሚያሠሩ ድርጅቶች የሚፈልጉት ጥቁሩን ነው። ስለዚህ ባለ 30 ዋት ሞፓ ገዛሁ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሻጭ ዋጋ ውሎ ስለማያድር፣ ቀብድ የከፈልኩት ዋጋውን በውል ካስጻፍኩ በኋላ ነው።

ስለ ዓይን መከላከያ መነጽር ጥቂት ልቆጣ። ከማሽኑ ጋር የመጣልኝ መነጽር ላይ የሞገድ ርዝመት አልተጻፈም፤ ቀለም ብቻ ነው ያለው። 1064 ናኖሜትር ዓይን የማያየው ጨረር ነው። የምናየው ቀይ ብርሃን ቦታ ማመልከቻ ብቻ ስለሆነ ዓይን አደጋውን አይቶ አይከደንም፤ የተወለወለ ቀለበት ደግሞ ጨረሩን ወዴት እንደሚመልሰው አይታወቅም። 1064 የሚል ጽሑፍና የመከላከያ ደረጃው ያለበትን ለየብቻ ገዛሁ፤ ማሽኑንም ከደንበኞች ፊት አርቄ ከለልኩት። ጭስ መሳቢያው ናስ ስሠራ ለአንድ ደቂቃም አይጠፋም። ፒቪሲ ፕላስቲክ የሚያመጣ ሰው ካለ ክሎሪን ያለበት ጭስ ስለሚወጣው እመልሰዋለሁ።

የግዕዝ ፊደልን ኮረል ድሮው በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ጽፌ ወደ መስመር ቅርጽ ቀይሬ ነው ወደ ማሽኑ ፕሮግራም የማስገባው፤ የፎንት ጠብ በዚሁ ያበቃል። መብራት ሲጠፋ የተጀመረውን የሚያስጨርስ ዩፒኤስም አለኝ፤ ሥራው መሐል ላይ ተቋርጦ ከመያዣው የተንቀሳቀሰ ቀለበትን በዚያው ጭረት ላይ መልሶ ማሳረፍ ከባድ ነው።

አሁን የሚያከራክረኝ የስቴንለስ ሥራ ነው። ብረቱን ሳልቆፍር በሙቀት ብቻ አጥቁሬ ስሰጥ ደንበኛ ጥፍሩን ያሳልፍበትና «ይሄ እኮ አልጎደጎደም፣ ነገ ይጠፋል» ይላል። አይጠፋም፤ በብዛት የሚዝገውም ሲቆፈር ነው፤ መከላከያ ሽፋኑ ይጎዳልና። ካልሰማ እቆፍርለታለሁ፤ ጊዜ ስለሚወስድ ዋጋው ይጨምራል፤ ደረሰኙም ላይ «ለዝገት ኃላፊነት አልወስድም» ብዬ እጽፋለሁ።