ትንሿ ሞተር የምታስተምረው፦ ከ125 ሲሲ ልምምድ የተያዘ ማስታወሻ

አነዳድ በትንሽ ሞተር ብስክሌት ቶሎ ይሻሻላል። ባለ 1000 ሲሲ (ሲሲ የሲሊንደሩ ይዘት መለኪያ ነው) የእሽቅድምድም ሞተር በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ ነጂው አብዛኛውን አቅሙን ሳይነካው ይመለሳል። 125ቷ ግን ጋዙ በደንብ ካልተከፈተና ማርሹ በሰዓቱ ካልተቀየረ አትሄድም፤ እያንዳንዱ ማርሽ የት ላይ ጉልበት እንዳለው ጆሮ የሚለምደው በዚህ ነው።

ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀነሰው ፍጥነቷ ከመውደቁ በፊት ነው። ከዘገየ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጋዝ ቢጨመርለትም አይነሳም፣ ይልቁንም ይሞቃል።

ጠባብ ቦታ ለመዞር ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ፣ ጋዙን ሳያዋዥቁ፣ የኋላ ፍሬን በቀስታ ረግጦ፣ ዓይንን ወደ መውጫው መላክ ነው። መሪው ተጠምዞ ሳለ የፊት ፍሬን ከተያዘ ትወድቃለች። ክብደቷ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ስለሆነ አንድ ሰው አንስቷት ወዲያው ይቀጥላል፤ ከ200 ኪሎ በላይ የሆነውን ግን ደጋግሞ ማንሳት ወገብ ይጎዳል፣ ለመሞከርም ያስፈራል። ቅለቷ ትልቁ ጥቅሟ እዚህ ላይ ይመስለናል።

በእኩል ፍጥነት ክብደቱ ግማሽ የሆነ ነገር የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ኃይልም ግማሽ ነው። ይህ ማለት ግን የማቆሚያ ርቀቷ በግማሽ ያጥራል ማለት አይደለም፤ ቀጭን ጎማና ከበሮ ፍሬን የየራሳቸው ገደብ አላቸው።

ጥገናው ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ብቻ ስለምትይዝ ቶሎ ይቆሽሻል፣ መቀየሩ አይዘግይ። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (የሞተር ብስክሌት ዘይት የጃፓን ደረጃ) የሚል ይፈለግ፤ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ያለበት የመኪና ዘይት፣ በዘይት ተነክሮ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም። የካቴናው ልቅነት መሐሉ ላይ ሲለካ በአብዛኞቹ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማውን እያዞሩ በጣም በጠበበው ቦታ ላይ ይለኩ፤ የጠበቀ ካቴና ኩሽኔታ ይጨርሳል። ቫልቩ ድምፅ ሲያጣ ደህና ነው ብሎ መተው አያዋጣም፤ ክፍተቱ ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በስስ መለኪያ ይፈተሽ።

ሰው አፈናጦ በረጅም አስፋልት ላይ ንፋስን ፊት ለፊት መግጠም ግን የእሷ ሥራ አይደለም፤ ለመቅደም የሚተርፍ ጉልበት የላትም። ለዚያ መንገድ 250 ሲሲ ይበቃል።