ሁለት ጎማ ልቀይር ብዬ አክስልና ፍሬን ውስጥ ገባሁላችሁ

ሰላም ጓዶች፣ ባለፈው ስለ ጀልባዬ ሞተር ስፅፍላችሁ "የቀረኝ የተሳቢው ጎማ ብቻ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል" ብዬ ነበር አይደል? ይኸው ሰባት ቅዳሜ አለቀ። ምን እንደሆነ ላውራችሁ፣ ጀልባ ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ተሳቢው ስር ገብታችሁ እንድታዩ።

ነገሩ የጀመረው ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ወደ ፖይንት ሉክአውት ስንወርድ ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ መንገድ 5 የሚያልቅበት፣ ፖቶማክ ከቼሳፒክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ዋልዶርፍ ጋ መብራቱ ቀይ ሆነ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ፒክአፑ ሊቆም ይፈልጋል ጀልባዋ ግን ከኋላ ትገፋኛለች፣ ልክ ሰው ጀርባዬን ይዞ የሚገፈትረኝ ነው የመሰለኝ፣ የእግረኛ መስመሩን አልፌ ነው የቆምኩት። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ በሩን ጨብጣ ያዘች። ትንሽ እንደሄድን ደሞ ከኋላ ጧ ጧ ጧ የሚል ድምፅ መጣ፣ ወርጄ ሳይ የቀኝ ጎማው ጥርስ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጦ ፌንደሩን እየደበደበው ነው።

የገረመኝ ጎማው ሲያዩት አሮጌ አይመስልም፣ ጥርሱ ሙሉ ነበር። ለካ የተሳቢ ጎማ ቆሞ ነው የሚያረጀው፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ላስቲኩ ይደርቃል ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ፅሁፍ በኋላ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ፣ የኔው 3613 ይላል፣ በፈረንጆቹ 2013 36ኛው ሳምንት ላይ የተሰራ ማለት ነው። ትንሿ ልጄ ሳትወለድ የተሰራ ጎማ ላይ ነው ይዣት የምዞረው።

ሁለት አዲስ ጎማ ልገዛ ስል ታዲያ ሰፈር ያለው ጋሼ ከለከለኝ። ጋሼ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጀ ሰው ነው፣ "መጀመሪያ ክብደቱን እወቅ፣ ጎማ እንደ ጫማ በአይን አይገዛም" አለኝ። እሺ ብዬ ጀልባዋን ቤንዚን ሞልቼ፣ መልህቁን፣ በረዶ ሳጥኑን፣ ምናምኑን ሁሉ ጭኜ 95 መንገድ ዳር ያለ የከባድ መኪኖች ሚዛን ላይ ወጣሁ። የተሳቢው አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት) ላይ ብቻ 3,640 ፓውንድ! አክስሉ ደሞ የሚችለው 3,500 ነው። የድሮዎቹ ጎማዎች ልካቸው 205/75 አር 14፣ የመሸከም ደረጃቸው ሎድ ሬንጅ ሲ ነው፣ በ50 ፒ ኤስ አይ የአየር ግፊት አንዱ 1,760 ይሸከማል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 3,520። ስለዚህ ጎማውም አክስሉም ከአቅም በላይ ተጭነው ነው የከረሙት። አንድ ጋሎን ቤንዚን ብቻውን 6 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፣ ባለ 40 ጋሎን ታንኬን ስሞላ ሦስት ልጅ እንደመጫን ነው፣ አስቤውም አላውቅ።

ግራ የገባኝ ፋብሪካው ተሳቢው ላይ የለጠፈው የክብደት ሰሌዳ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት 4,900 መሆኑ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ለካ የመጀመሪያው አክስል ሲዝግበት በርካሽና በአነስተኛ ቀይሮት፣ ፍሬኑንም አብሮ ጥሎታል። ይቺን ልብ በሉልኝ፣ ትልቅ አክስል ስለገጠማችሁ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አይጨምርም፣ ፍሬሙ ያው ፍሬም ነው። እኔን ያዳነኝ ቁጥሩ ድሮውኑ ትልቅ መሆኑ ነው። በቨርጂኒያ ህግ ደሞ ጠቅላላ ክብደቱ 3,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ተሳቢ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው፣ እኔ ያለፍሬን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አትጠይቁኝ።

ስለዚህ 5,200 ፓውንድ የሚችል ጋልቫናይዝድ አክስል አዘዝኩ። ባሌስትራ የሌለው ቶርሽን የሚባለውም አለ፣ ቱቦው ውስጥ ባለ ላስቲክ ነው የሚነጥረው፣ ጉዞው ለስላሳ ነው ይላሉ፣ ግን ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጪ አይታይም፣ ጨው ውሃ ውስጥ ለሚነከር ተሳቢ እኔ አልወደድኩትም። ባሌስትራ ሲሞት ታየዋለህ። ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፣ ከአንዱ ሃብ (ጎማው የሚታሰርበት ክብ ብረት) ፊት እስከ ሌላው ሃብ ፊት፣ ከዛ ከባሌስትራ መሃል እስከ ባሌስትራ መሃል። ሦስቴ ለካሁ፣ ሦስቴም የተለያየ መጣልኝ፣ በመጨረሻ ጋሼ ሜትሩን ቀምቶኝ ለካው።

ዕቃ መሸጫው ውስጥ የነበረውን ኮሜዲ ልንገራችሁ። ጋሼ "ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ በለው" ይለኛል፣ ልጁ ምንም አይገባውም፣ እኔ ደግሞ መሃል ቆሜ በጣሊያንኛው ነው እንጂ በእንግሊዝኛው አላውቃቸውም። ቤሪንግ ለማለት በእጄ ክብ እየሰራሁ ሳሽከረክር ልጁ ስቲሪንግ አምጥቶ አሳየኝ።

የድሮውን ማውጣት ሁለት ቅዳሜ በላ። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርፅ ብሎኖች ዝገው አንድ ሆነዋል፣ ዝገት ማላቀቂያ ረጨሁ፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኩ፣ በመጨረሻ በግራይንደር ቆረጥኳቸው። እዚ ጋ አንድ ስህተት፣ አሮጌዎቹን በአዲስ ስተካ በድሮው ልክ ገዛሁ፣ አዲሱ አክስል ግን ቱቦው 3 ኢንች ስለሆነ አልገባም፣ እንደገና ወደ ሱቅ። ባሌስትራዎቹንም በዛው ቀየርኳቸው፣ ቅጠላቸው እንደ ተደራረበ እንጀራ ተጣብቆ ነበር። ከማጥበቃችሁ በፊት ከተሳቢው አፍንጫ እስከ አክስሉ ግራ ጫፍና እስከ ቀኝ ጫፍ ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ለኩ፣ የኔው ግማሽ ኢንች ይበላለጥ ነበር፣ እንደዛው ብነዳው አዲሶቹን ጎማዎች በጎን እየፈጋቸው ይጨርሳቸው ነበር።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ኤሌክትሪክ ፍሬን ውሃ ውስጥ ለሚገባ ነገር አልፈለግኩም። ታምቡሮ የሚባለው ዝግ ፍሬን ይርከሳል ግን ጨው ውሃ ውስጡ ይቀራል፣ ዲስክ ክፍት ስለሆነ በንፁህ ውሃ ታጥቦ ያልቃል፣ ባለ 12 ኢንች ዲስክ ወሰድኩ። የሚሰራው ሰርጅ በሚሉት ዘዴ ነው፣ ፊት ለፊት ማያያዣው ውስጥ ማስተር (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) አለ፣ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፣ ያ ግፊት ራሱ ማስተሩን ይጫነውና የፍሬን ዘይቱ በቱቦ ወደ ጎማዎቹ ይሄዳል። ዋልዶርፍ ላይ ያስደነገጠኝ ግፊት እኮ ነው አሁን ፍሬኑን የሚይዝልኝ! ይሄ ሲገባኝ ብቻዬን ጋራዥ ውስጥ ሳቅኩ።

ግን በቀላሉ አልሰራም። መጀመሪያ አየር ማውጣቱ እምቢ አለ፣ ልጄ ትጫናለች እኔ እከፍታለሁ፣ ትጫናለች እከፍታለሁ፣ ሙሉ ጠርሙስ ዘይት ጨረስን አሁንም ልፍስፍስ ነው። ጋሼ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄ ብሎን ለምን ወደታች ሆነ?" አለኝ። አየር ወደላይ ነው የሚወጣው፣ እኔ ካሊፐሮቹን (ዲስኩን የሚጨብጡትን) የግራውን ቀኝ የቀኙን ግራ አርጌ ስለገጠምኩ ማስተንፈሻዋ ብሎን ከታች ቀርታለች። አቀያየርኳቸው፣ አስር ደቂቃ አልፈጀም።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነው። ገንዘብ ላድን ብዬ ያገለገለ ማስተር ያለው ማያያዣ ገዝቼ ነበር፣ ለታምቡሮ የተሰራ። የታምቡሮ ማስተር ውስጥ ትንሽ ግፊት ይዛ የምታስቀር ቫልቭ አለች፣ ለታምቡሮ ጥሩ ነው፣ ዲስክ ላይ ግን ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይፈጋል። ሰፈር ውስጥ ትንሽ ዞሬ ስመለስ ሁለቱም ሃብ እጅ አያስነካም፣ የተቃጠለ ሽታ ሽታ አለው። ለዲስክ የሚሆነውን አዲስ ገዛሁና የመጀመሪያው ገንዘብ በከንቱ ሄደ። እና ደሞ ዲስክ ስታስገጥሙ ወደኋላ ስትሄዱም ያው ግፊት ፍሬኑን ይይዘዋል፣ ቤቴ ዳገት ስለሆነ ጀልባዋን ወደ ግቢ ማስገባት አቃተኝ። መፍትሄው መኪናው ወደኋላ ሲሄድ የሚበራው መብራት ሲበራ ዘይቱን የምትዘጋ ሶሌኖይድ የምትባል የኤሌክትሪክ ቫልቭ ናት፣ ለሷ ደሞ ባለ አራት ሽቦ ሶኬት አይበቃም፣ ባለ አምስት ያስፈልጋል።

ኩሽኔታው ላይ ብዙ የምለው የለም። የተለያየ ዓይነት ግራሶ አትደባልቁ፣ ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከራችሁ አጥብቃችሁ መልሳችሁ አላሉና በጣት ብቻ አጥብቁ። ውሃው ዳር እንደደረሳችሁም ወዲያው አትንከሩ። ሃብ ሞቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይጨማደድና ውሃውን በላስቲኩ በኩል ይስበዋል፣ እኔ አሁን ቡና ጠጥቼ ነው የማወርዳት።

ጎማዎቹ 225/75 አር 15 ሎድ ሬንጅ ዲ፣ በ65 ፒ ኤስ አይ አንዱ 2,540 ፓውንድ ይችላል፣ ሁለቱ 5,080፣ አሁን ተርፎኝ ነው የምነዳው። ከድሮው ሁለት ኢንች ገደማ ስለሚረዝም ፌንደሩን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። የቸርኬውን ዳዶዎች ደሞ ከ50 ማይል በኋላ ድጋሚ አጥብቁ፣ የኔ ሁለቱ ላልተው አገኘኋቸው። ባጠቃላይ ወደ 2,300 ዶላር ወጣ፣ የጠፋውን ማስተር ሳልጨምር።

የሚያስቀው ነገር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሬን የሌለው የጀልባ ተሳቢ ኢንስፔክሽን አይጠየቅም፣ ፍሬን ስገጥም ነው በየዓመቱ የምመላለሰው። ሄድኩ፣ አለፈ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ፖይንት ሉክአውት ወረድን። ዋልዶርፍ ያው መብራት፣ ያው ቀይ። ፍሬን ያዝኩ፣ ከኋላ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣና መስመሩ ሳልደርስ ቆምን። ባለቤቴ ስልኳን እያየች ነበር፣ መቆማችንንም ያወቀች አልመሰለኝም። ሜዳ ላይ ቆሜ ሃቦቹን ስዳስሳቸው ለብ ያሉ ናቸው። ዓሳ በደንብ አልያዝንም፣ ሦስት ክሮከር ብቻ።

አሁን የቀረኝ የድሮው አክስል ነው፣ ግቢ ውስጥ ሳሩ ላይ ተጋድሟል፣ ባለቤቴ በየቀኑ "ይሄ መቼ ነው የሚነሳው?" ትለኛለች። ጋሼን ብጠይቀው "አዲስ አበባ ቢሆን ቆራሌው በር ላይ መጥቶ ይወስድልህ ነበር" አለኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ አሮጌ ብረት የሚወስድ የምታውቁ ካላችሁ ፃፉልኝ።