ሌሊት ሌሊት የሚያኮርፈው ኢንቨርተር

የቤታችን ኢንቨርተር (ከፀሐይ ፓኔሎችና ከባትሪ የሚመጣውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) ቀን ምንም አይወጣለትም። ፍሪጁ ቢነሳ፣ ካውያ ብንሰካ ዝም ብሎ ይሠራል። ሌሊት ግን፣ በተለይ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ "ቀጭ" ይልና ቤቱን ከባትሪ ወደ ዋናው መስመር ያዞረዋል፤ እስኪነጋም አይመለስም። ተነስቼ ስክሪኑን ሳየው ባትሪው 70 በመቶ ይላል።

የጠረጠርኩት ባትሪውን ነበር። ባለ 24 ቮልት ሊቲየም ነው፤ "አርጅቷል" ብዬ የአዲሱን ዋጋ ማጠያየቅ ጀምሬ ነበር። ቀጥሎ የባሰውን አደረግሁ፦ የባትሪው ቮልት ከሱ ሲወርድ ቤቱን ወደ መስመር የሚያዞረውን ገደብ ከ23 ወደ 22 አወረድኩት። ሁለት ሌሊት ሰላም አደርን። በሦስተኛው ያው "ቀጭ"።

አንድ ሌሊት ወንበር ስቤ አጠገቡ ቁጭ አልኩ (ቤተሰቡ የሳቀብኝን ልተወው)። ወደ መስመር የሚዞረው የፍሪጁ ኮምፕረሰር (የሚያቀዘቅዘው ሞተር) ሲነሳ ነው። ኮምፕረሰር በሚነሳባት ቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። መልቲሜትሬ (የቮልት መለኪያዬ) ዝቅተኛውን ንባብ ይዞ ያቆያልና በዚያች ቅጽበት ባትሪው ላይ፣ ኬብሎቹ በሚታሰሩበት ጫፍ፣ ለካሁ፦ 25.9 ቮልት። በሚቀጥለው መነሳት ኢንቨርተሩ መግቢያ ላይ ለካሁ፦ 21.7። ባትሪው ደህና ነው፤ አራት ቮልት መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

የት እንደቀረ ማግኘት ቀላል ሆነ። ወደ 400 ዋት የሚስብ ጭነት ከፍቼ፣ አንዱን የመልቲሜትሩን መርፌ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ኢንቨርተሩ ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ። ጤነኛ ኬብል ቢሆን ንባቡ ዜሮ አካባቢ ነው፤ የእኔ 1.5 ቮልት አሳየ። ሁለተኛውን መርፌ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ወደ ባትሪው ሳስጠጋ፣ ፊውዙን እንዳለፍኩ ቁጥሩ ወደቀ። እጄን ሳስጠጋም ፊውዙ ይሞቃል።

መጀመሪያ ፓኔሎቹን፣ ከዚያ ጭነቱን፣ በመጨረሻ ባትሪውን አጠፋሁ። ፓኔሎቹ እየሠሩ ባትሪ መንቀል ኢንቨርተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል በቅደም ተከተሉ አልቀልድም። የፊውዙን ዳዶ ስፈታ የብረት ሮንዴላው (ከዳዶ ሥር የሚገባው ስስ ቀለበት) በኬብሉ ቀለበትና በፊውዙ መዳብ መሃል ተቀርቅሮ አገኘሁት፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ከረንቱ ሁሉ የሚያልፈው በዚያች ስስ ብረት ነበር። የገጠምኩት ራሴ ነኝ፣ የምወቅሰው ሰው የለም። ቀለበቱን ወልውዬ መዳቡ ላይ በቀጥታ አስቀመጥኩት፤ ሮንዴላው ከላይ፣ ከዚያ ዳዶው።

ቀን ለምን ደህና እንደሚሆን የገባኝ ያኔ ነው። ፀሐይ ሳለች ለጭነቱ የሚሆነው ከረንት ከፓኔሎቹ ወደ ኢንቨርተሩ በቀጥታ ይገባል፤ በፊውዙ የሚያልፈው ወደ ባትሪ የሚሄደው ትርፍ ብቻ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ግን የቤቱ ሸክም በሙሉ በዚያች ሮንዴላ ላይ ይወድቃል። ጥፋቱ ቀንም ነበረ፤ ፀሐይዋ ሸፍናልኝ ነው። ስለዚህ ሌሊት ብቻ የሚያስቸግር ሲስተም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ፣ ሴቲንግ ከመነካካቱ በፊት ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ያለውን እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ጭነት እያለ እንዲለካ ነው የምነግረው።

አሁን ያ 1.5 ወደ 0.08 ወርዷል። ገደቡን ወደ 23 መልሼዋለሁ። ባትሪውም ያው የድሮው ነው።